የእንጉዳይ ዱቄቱ ውስጥ ምን አለ?

አቅራቢ፦ በአዲስ ዓለምም ሆነ በአምቦ ኮሶ የሚያውቁ እናቶቻችን የሴቴውን አበባ ከወንዴው ለይተው፣ የከረመውን ትተው ይገዙ ነበር፤ ሲቆይ ኃይሉን ያጣልና። በካፕሱል የሚመጣውን የእንጉዳይ ዱቄት ግን ዓይን አይለየውም።

አንዳንድ አምራቾች የእንጉዳዩን ክር መሰል አካል በእህል ላይ ያበቅሉና ከነእህሉ ይፈጩታል። ይህን ሳይገልጹ “እንጉዳይ” ብሎ መሸጥ ማታለል ነው። እንጉዳይ ስታርች የለውም፤ እህል ግን ሞልቶታል።

(ድምፅ፦ ማንኪያ ስኒ ሲነካ)

ጥቂት ዱቄት በውኃ አፍሉ፤ በደንብ ይቀዝቀዝ። ከዚያ አዮዲን ጠብ አድርጉበት። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች አለበት። አዮዲን የነካውን ድፉት፤ እንዳትጠጡት።

ካልተለወጠስ? ኃይሉ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ቤታ ግሉካን የተባለውን የእንጉዳይ ንጥረ ነገር የሚለካው ላቦራቶሪ ነው። እርሳስና ካድሚየምንም እንዲሁ፤ እንጉዳይ ከበቀለበት ነገር ይስባቸዋል። ማሸጊያው ላይ “ፖሊሳካራይድ” የሚል ብቻ ከሆነ አትርኩ፤ ስታርችም ፖሊሳካራይድ ነው።

የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ አድማጮች፣ አደራ፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ የእንጉዳይ ዱቄት መውሰድ አትጀምሩ።