በ1262 ዓ.ም. ሐይቅና ዓለም



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ዓመቱም 1262 ዓ.ም. ሲሆን፥ አብዛኛው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1270 ላይ ይውላል። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ጊዜ ስለ ተማርነው ነው፤ አንድ ጊዜ በኢትዮጵያ ታሪክ፥ አንድ ጊዜ በዓለም ታሪክ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ክረምት የሆኑ መሆናቸውን ግን የነገረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

በአገራችን በኩል የሆነው የታወቀ ነው። ይኩኖ አምላክ የዛጔን መንግሥት ጥሎ ነገሠ፤ ቀኑም ነሐሴ 10 ነው ይባላል። በዚያው ክረምት የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ የመስቀል ጦሩን በመርከብ ጭኖ በቱኒስ አጠገብ፥ ከጥንቷ ካርታጎ ወርዶ ነበር። የሰፈሩን ሰው ተቅማጥ ፈጀው። ንጉሡም ታሞ በእነርሱ ኦገስት 25፥ በእኛ ጳጉሜን 2 ቀን ሞተ። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው 22 ቀን ብቻ ነው።

በሌላውም ዓለም ጸጥታ አልነበረም። በኮሪያ ቤተ መንግሥቱ ከጋንግህዋ ደሴት ወደ ቀድሞው ከተማው ሲመለስ፥ ለሞንጎሎች መገዛትን ያልወደዱ ወታደሮች ዐመፁ። በጣልያን አገር በቪቴርቦ ካርዲናሎቹ መስማማት አቅቷቸው የሮማ መንበር ከ1268 እስከ 1271 ባዶ ቈየ፤ የከተማው ሰው ቢሰለቸው ቈልፎባቸው ጣራውን አነሣባቸው ይባላል። (በስብሰባችን ላይ ይህን ዘዴ ለመሞከር የሚያስብ እንዳይኖር!) ጥቂት ቈይቶም፥ በታኅሣሥ 1263 ዓ.ም.፥ የፓሪስ ጳጳስ በዩኒቨርሲቲው ይነገሩ የነበሩ 13 ዐሳቦችን አወገዘ። ዓለም መጀመሪያ የላትም የሚለውም ከእነዚሁ አንዱ ነበር።

በዚያን ጊዜ በእኛም አገር ተማሪ ቤት ነበረ። በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ የተማሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ፥ በ1240 ዓ.ም. ገደማ በሐይቅ እስጢፋኖስ ማስተማር ጀምረው ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የወጡት ከዚያ ቤት ነው። ታዲያ ይኩኖ አምላክን ለመንግሥት ያበቃው ማን ነው ቢባል፥ ሐይቆች አባ ኢየሱስ ሞዐ፥ ደብረ ሊባኖሶች ደግሞ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይላሉ። ገድሎቹ የተጻፉት ከነገሩ ብዙ ዘመን ቈይቶ ስለ ሆነ፥ አንዱን ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም። ክርክሩም የክብር ብቻ አልነበረም፤ የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረውና። ከዚያው ዘመን ራሱ የተረፈልን ምስክር አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳማቸው ያስጻፉት የ1273 ዓ.ም. ወንጌል ነው፤ የእርሳቸውም ሥዕል በውስጡ አለ።

አሁን ሁለቱ ታሪኮች ወደሚገናኙበት እንመለስ። ሉዊን ከአገሩ ያስነሣው፥ በ1268 አንጾኪያን የወሰደው የግብጽ ሱልጣን በይበርስ ነበር። ሉዊ ሞተ፤ በይበርስ ግን በዙፋኑ ቈየ። ይኩኖ አምላክም ጳጳስ የሚመጣለት ከግብጽ ስለ ሆነ፥ በ1274 ወይም በ1275 ለዚሁ ሱልጣን ደብዳቤ ጻፈ። አንዱ ንጉሥ ጦር ያነሣበትን ሰው፥ ሌላው ንጉሥ ደጅ ጠናው። ሁለቱም ክርስቲያኖች ነበሩ፤ መንገዳቸውን የለየው ያሉበት ስፍራና የሚፈልጉት ነገር ነው።

ደብዳቤው የሄደው በየመን ሱልጣን በኩል ሲሆን፥ ነገሩን ጽፈው ያቈዩልን የግብጽ ታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው። እኛ ግእዙን እንደምንም እንወጣዋለን፤ ዐረብኛውን ግን አንችለውም። ስለዚህ ዐረብኛ የምታውቁ ጓደኞቻችን በሚቀጥለው ጊዜ መጥታችሁ ከእኛ ጋር እንድታነቡት እንለምናችኋለን።