በሩ ሁለት ቁልፍ አለው፦ ስለ ቤታችን ዋይፋይ ጥበቃ

(ለወጣቶችና ለቤተሰብ ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር ጽሑፍ)





ዛሬ የምንነጋገረው በየሳሎናችን ጥግ ላይ መብራቷ ብልጭ ድርግም ስለምትል አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው። ራውተር ትባላለች፤ ብዙዎቻችን ‹‹ዋይፋዩ›› እንላታለን። የልጆቻችን ትምህርት፣ ከዓረብ አገር የሚደውሉልን እህቶቻችን ድምፅ፣ የባንክ ሒሳባችን፣ ከወዳጅ ዘመድ ጋር የምንለዋወጠው መልእክት ሁሉ የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነው። የግቢያችንን በር ማታ ማታ ቆልፈን፣ መዝጊያውን ገፋ አድርገን አረጋግጠን እንተኛለን። ይህን በር ግን ስንቶቻችን ቆልፈነዋል?

ኢስቲእዛንን ሁላችንም እናውቃለን። የሰው ቤት ፈቃድ ሳይጠየቅ አይገባም። ይህ አደብ ለእንጨትና ለቆርቆሮ በር ብቻ የተነገረ አይደለም፤ የቤተሰብን ገመና የሚጠብቅ አደብ ነው። ዛሬ የቤታችን ገመና ግድግዳውን አልፎ በአየር ላይ ይሄዳል። ጎረቤትም፣ መንገደኛም፣ መኪናውን ከአጥር ውጭ ያቆመ ሰውም ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የቴክኒክ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአማና ጉዳይ ነው!

ወንድሞችና እህቶች! ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ በሩ ሁለት ቁልፍ አለው።

አንደኛው ስልካችንን ከዋይፋዩ ጋር ስናገናኝ የምንጽፈው ፓስወርድ ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ራውተሩን ራሱን የምናስተዳድርበት ፓስወርድ ነው። ይህኛው መኖሩን እንኳ ብዙ ሰው አያውቅም። የመጀመሪያው ሰውን ወደ ቤት ያስገባል። ሁለተኛው ግን የቤቱን ቁልፍ ራሱን ያስቀይራል። ሁለተኛውን የያዘ ሰው የመጀመሪያውን ማየት፣ መቀየር፣ እኛኑ ከገዛ ቤታችን ውጭ ማስቀረት ይችላል። ሆኖም አብዛኛው ቤት ውስጥ ይህ ቁልፍ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ስሙ ‹‹አድሚን››፣ ፓስወርዱም ያው ‹‹አድሚን›› ነው።

ይህ ቸልተኝነት የሚያመጣውን ጉዳት ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችን፣ ራውተሮችንና መሰል ዕቃዎችን ተቆጣጠረ። የተራቀቀ ጥበብ አልነበረውም። ከፋብሪካ የሚመጡ 60 ያህል የተጠቃሚ ስሞችና ፓስወርዶችን ይዞ በየበሩ እየሞከረ ነው የገባው። በዚያው ዓመት በተጠለፉት ዕቃዎች አማካይነት በተሰነዘረ ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተስተጓጉለዋል። የዕቃዎቹ ባለቤቶች ግን ምንም አላወቁም። የእነርሱ ቤት ሌላውን ለመበደል መሣሪያ ሆኖ ነበር!

በብራዚል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 አጭበርባሪዎች ሚሊዮኖች ሞደሞች ውስጥ ገብተው ዲኤንኤስ የሚባለውን ሴቲንግ ቀየሩ። ዲኤንኤስ ማለት የድረ ገጽን ስም ስንጽፍ ወዴት እንደምንሄድ የሚመራን አድራሻ ጠቋሚ ነው። እርሱ ከተጣመመ ሰው ትክክለኛውን ስም ጽፎ ሐሰተኛ ገጽ ላይ ያርፋል። ስልኩ ጤነኛ ነው፤ ሰውየውም አልተሳሳተም። የተበላሸው መሪው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሥራው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በቅደም ተከተል እንየው።

አንደኛ፦ ሁለተኛውን ቁልፍ እንቀይር። ስልካችንን ከዋይፋዩ ጋር አገናኝተን ብራውዘር እንክፈትና በራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን የቁጥር አድራሻ እንጻፍ። አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ሲም ካርድ በሚገባባቸው አንዳንድ ራውተሮች 192.168.8.1 ነው። የመግቢያ ስሙና ፓስወርዱም ብዙ ጊዜ እዚያው ወረቀት ላይ ይገኛል። ከገባን በኋላ ከሁሉ አስቀድመን የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ እንለውጥ። አዲሱን በደብተር ጽፈን ቤት ውስጥ እናስቀምጥ፤ ራውተሩ ላይ አንለጥፈው። ከዋይፋዩ ፓስወርድ ጋርም አንድ አይሁን። መግቢያው እምቢ ካለን ‹‹ሪሴት›› የምትለዋን ቀዳዳ በመርፌ ለመውጋት አንቸኩል። ሪሴት የመስመሩንም መረጃ ሊያጠፋና ኢንተርኔቱን ሊያቋርጥ ይችላል። አስቀድመን አገልግሎት ሰጪውን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፦ የቁልፉን ዓይነት እንምረጥ። በዋይፋይ ሴኪዩሪቲ ሥር ደብሊውፒኤ3 ካለ እርሱን፣ ከሌለ ደብሊውፒኤ2 ከኤኢኤስ ጋር እንምረጥ። ደብሊውኢፒ የሚባለው አሮጌ ዓይነት ድክመቱ በተመራማሪዎች የተጋለጠው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ዛሬ በደቂቃዎች ይሰበራል። ‹‹ኦፕን›› ማለትማ በሩን ነቅሎ መጣል ነው።

ሦስተኛ፦ የዋይፋዩን ፓስወርድ እናጠንክር። እዚህ ላይ በአገራችን የተለመደ ነገር አለ፤ የራስን ስልክ ቁጥር ፓስወርድ ማድረግ። ስልክ ቁጥራችንን የሚያውቀው ሰው ስንት ነው? የማያውቀውም ቢሆን አይቸገርም። በ09 የሚጀምሩት ቁጥሮች ሁሉ ተደምረው 100 ሚሊዮን ናቸው። ለሰው ብዙ ነው፤ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ላለው ኮምፒውተር ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሰርጎ ገቡ ደግሞ በራችን ላይ ቆሞ መሞከር አያስፈልገውም። ስልካችን ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን የመጀመሪያ ሰላምታ ከውጭ ቀድቶ፣ ቤቱ ተቀምጦ ሲሞክር ያድራል። መፍትሔው ርዝመት ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት የአማርኛ፣ የኦሮምኛ ወይም የስልጢኛ ቃላትን በላቲን ፊደል ቀጣጥለን እንጻፍ። እስከ 63 ፊደል ይቀበላል። ለእኛ ለማስታወስ ይቀላል፤ ለማሽን ግን ይከብዳል። ፓስወርዱ ሲለወጥ ሁሉም ስልኮች ይቋረጣሉ፤ አዲሱን እያስገባን መልሰን እናገናኛቸው።

የዋይፋዩ ስም ላይም የቤተሰባችንን ስም ወይም የቤት ቁጥራችንን አንጻፍ። ለመንገደኛ የቤታችንን ባለቤት የምንነግርበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፦ የጎን በሮችን እንዝጋ። ደብሊውፒኤስ የሚባለው ያለ ፓስወርድ ለመገናኘት የተሠራ አቋራጭ ነው። የእርሱ ባለ ስምንት አኃዝ ቁጥር ሁለት ቦታ ተከፍሎ ስለሚፈተሽ ቢበዛ 11,000 ሙከራ እንደሚበቃው እ.ኤ.አ. በ2011 ታውቋል። እናጥፋው። ከቤት ውጭ ሆኖ ራውተሩን ማስተዳደር የሚያስችለው ‹‹ሪሞት ማኔጅመንት››ም ይጥፋ። የራውተሩ ፈርምዌር አዲስ ማሻሻያ ካለው ይጫን፤ ማሻሻያ ማለት የተገኘን ቀዳዳ መድፈን ነው።

አምስተኛ፦ እንግዳን በእንግዳ ክፍል እንቀበል። ‹‹ዋይፋይ አትከልክሉኝ›› የሚል ጎረቤት ሐቅ አለው፤ ጉርብትና ከባድ ነገር ነው። ነገር ግን ሳሎን ማስገባትና የመኝታ ክፍል ቁልፍ መስጠት ይለያያል። ብዙ ራውተሮች ‹‹ገስት ኔትወርክ›› የሚል አማራጭ አላቸው። ለእንግዳ፣ ለተከራይና ለጎረቤት የራሱ ስምና ፓስወርድ ያለው መስመር ይከፍታል፤ የእኛን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ለብቻ ይተዋቸዋል። ተከራይ ሲለቅ ወይም ስልክ ሲጠፋ ፓስወርዱን መለወጥ ደግሞ ነውር አይደለም። የወጣ ተከራይ ቁልፍ መልሶ ይሄድ የለ?

‹‹የሰው ዋይፋይ ፓስወርድ እናወጣለን›› ከሚሉ አፖችም እንራቅ። አንዳንዶቹ ፓስወርድ የሚያገኙት ከጫናቸው ሰው ስልክ ላይ ወስደው ለሌላው በማካፈል ነው። የጎረቤትን ዋይፋይ ሰብሮ መግባት ደግሞ ብልጠት አይደለም፤ የሰው ሐቅ ነው። በሕግም ቢሆን ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። በራችን እንዲከበር የምንፈልግ ሰዎች የሌላውን በር እናክብር!

ውድ ወንድሞችና እህቶች! እዚህ ላይ ራሳችንን እንዳናታልል። ይህ ሁሉ ቁልፍ የሚጠብቀው ከስልካችን እስከ ራውተሩ ያለውን አየር ነው። ከራውተሩ በኋላ መልእክቱ በአገልግሎት ሰጪው መስመር ይጓዛል፤ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኘን እርሱ ሊያይ ይችላል። የማናውቀው ሰው የላከውን ሊንክ በገዛ እጃችን ከከፈትን ደግሞ ጠንካራው በር አያድነንም፤ ሌባውን እኛው አስገብተነዋል። በሩን መቆለፍ ግዴታችን ነው፤ ‹‹ቆልፌያለሁ›› ብሎ መዘናጋት ግን ሌላ ጥፋት ነው።

ወጣቶች ሆይ! ዛሬ ማታ ከገዛ ቤታችሁ ጀምሩ። ከዚያ የአያቶቻችሁን፣ የአክስቶቻችሁን፣ አጠገባችሁ ያሉ አረጋውያንን ቤት ተራ በተራ ሥሩ። ነገር ግን በዚህ ኺድማ አንድ አደብ ጠብቁ፦ ቁልፉን ይዛችሁ አትውጡ። ፓስወርዱን የሚመርጡት እናታችን ራሳቸው ይሁኑ፤ በደብተራቸው ይጻፉት፤ እናንተ ስልካችሁ ላይ አታስቀምጡት። መጻፍ የማይችሉ ከሆነ ከልጆቻቸው አንዱ ይጻፍላቸው። የሰውን በር ጠግኖ ትርፍ ቁልፉን ኪሱ የሚከት አናጺ ጠባቂ አይባልም።

እናንት አባቶችና እናቶችም ‹‹ይህ የልጆች ነገር ነው›› አትበሉ። የቤቱ ኃላፊዎች እናንተ ናችሁ። ልጆቻችሁን ‹‹የራውተሩ ሁለተኛ ቁልፍ ተቀይሯል ወይ?›› ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ‹‹አላውቅም›› ከሆነ አልተቀየረም ማለት ነው።

አላህ ቤቶቻችንን የሰላም ቤቶች ያድርግልን፤ ገመናችንን ይሸፍንልን፤ የተሰጠንን አማና የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ!