ቀለም የሌለው መርዝ፦ የዴንቨርና የአውሮራ የውሃ ምርመራ ምን ያሳያል፣ ምንስ ይሰውራል?

የንግግሩ ሙሉ ቃል



በብርጭቆ የተቀዳ ውሃ ጥርት ብሎ ስለታየ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። አይረን የበዛበት ውሃ ወደ ዝገት ቀለም ያዘነብላል፤ መዳብ የበዛበት ውሃ በእጅ መታጠቢያው ላይ አረንጓዴ እድፍ ይተዋል። እርሳስ ግን በውሃ ውስጥ ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውም። መኖሩን የሚያውቀው የመረመረ ብቻ ነው። ስለዚህ የምርመራው ነገር የኬሚስቶች ብቻ ጉዳይ ሆኖ ሊቀር አይገባም፤ ማን ይመረምራል፣ እንዴት ይመረምራል፣ ውጤቱስ ለማን ይደርሳል የሚለው የሕግና የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ያልታወቀው እንዴት ይታወቃል?

በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ለተማሪዎች ምንነቱ ያልተነገረ ሙሙት ይሰጣቸዋል። በመጀመሪያ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመርበታል። ነጭ ዝቃጭ ከወረደ ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ብር፣ እርሳስና አንደኛው የሜርኩሪ አዮን። ዝቃጩ በፈላ ውሃ ሲታጠብ የእርሳሱ ክፍል ይሟሟል፤ ሁለቱ ይቀራሉ። በቀረው ላይ አሞኒያ ሲጨመር የብሩ ይሟሟል፣ የሜርኩሪው ይጠቁራል። እርሳሱን ይዞ በወጣው ውሃ ላይ ደግሞ ፖታሲየም አዮዳይድ ሲጨመር ደማቅ ቢጫ ዝቃጭ ከታየ ያልታወቀው ታወቀ ማለት ነው።

ከዚህ አሮጌ ሥርዓት ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ነጠላ ምልክት ማስረጃ አይሆንም፤ እውነቱ የሚወጣው አንዱን ተጠርጣሪ ከሌላው በሚለይ ቅደም ተከተል ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው፦ ምልክት አለመታየቱም የነጻነት ምስክር አይሆንም። የእርሳስ አዮዳይድ በተወሰነ መጠን በውሃ ስለሚሟሟ፣ ቢጫው ዝቃጭ የሚታየው የእርሳሱ መጠን ከዚያ ሲያልፍ ብቻ ነው። በመጠጥ ውሃ ሕግ የሚያስጠይቀው መጠን በሊትር 15 ማይክሮግራም ነው። ይህን ያህል እርሳስ የያዘ ውሃ ላይ አዮዳይድ ቢንጠባጠብ ምንም አይታይም፤ ውሃው ጥርት እንዳለ ይቀራል፤ ተማሪውም «እርሳስ የለም» ብሎ ይጽፋል። ስሕተቱ የተማሪው አይደለም፤ የመመርመሪያው አቅም ነው።

በዚህ ምክንያት ለመጠጥ ውሃ የሚያገለግሉት ቤተ ሙከራዎች ናሙናውን እጅግ በጋለ የአርጎን ፕላዝማ ውስጥ አሳልፈው አዮኖቹን እንደየክብደታቸው የሚለዩ መሣሪያዎችን ይጠቀማሉ። መሣሪያው በሊትር ከአንድ ማይክሮግራም በታች ያለውንም ይለካል። ይሁን እንጂ እጅግ የረቀቀ መሣሪያም ቢሆን የሚለካው ያቀረቡለትን ውሃ ብቻ ነው። ውሃው በቧንቧው ውስጥ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። የመጀመሪያው ሊትር የቤቱን የውስጥ መክፈቻና መገጣጠሚያ ሁኔታ ይናገራል፤ አምስተኛው ሊትር ከመንገድ ወደ ቤት በሚገባው ቧንቧ ውስጥ የቆየውን ውሃ ይናገራል። ቧንቧው ለብዙ ደቂቃ ሲፈስ ቆይቶ የተቀዳ ናሙና የሁለቱንም ምስጢር አጥቦ ይወስዳል።

የዴንቨር ልምድ

የዴንቨር ውሃ ከማጣሪያ ጣቢያው ሲወጣ እርሳስ የለበትም፤ እርሳሱ የሚገባው ከዋናው መስመር ወደ ቤት በተዘረጋ የእርሳስ ቧንቧ፣ እንዲሁም በቤት ውስጥ ባለ አሮጌ ብየዳና መክፈቻ ምክንያት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በከተማዋ የተወሰዱት ናሙናዎች ከ15 ማይክሮግራሙ መጠን አለፉ። ከጥናት በኋላ የኮሎራዶ የሕዝብ ጤናና የአካባቢ ጥበቃ መምሪያ በ2018 በውሃው ላይ ኦርቶፎስፌት እንዲጨመር አዘዘ። ኦርቶፎስፌት ቧንቧውን ከውስጥ ይሸፍናል፤ ነገር ግን ፎስፈረስ ወደ ወንዞች ሲገባ የአልጌ መብዛትን ያስከትላል። ዴንቨር ዎተር ሌላ መንገድ አቀረበ፦ የውሃውን ፒኤች ወደ 8.8 ከፍ ማድረግ፣ ለተጠረጠሩ ቤቶች ማጣሪያ ማደል፣ ቧንቧዎቹንም ባለቤቱን በቀጥታ ሳያስከፍሉ መቀየር። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይህን በታኅሣሥ 2019 ፈቀደ፤ ሥራው በ2020 ተጀመረ። በመነሻው ግምት የእርሳስ ቧንቧዎቹ ቁጥር ከ64,000 እስከ 84,000 ነበር።

የዚህ ዕቅድ ቁም ነገር «ያልታወቀ» የሚለውን ቃል የተረዳበት መንገድ ነው። ከ1951 በፊት የተሠሩ ቤቶች ቧንቧቸው እርሳስ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ቁፋሮው እስኪያረጋግጥ ድረስ ነዋሪው ያለ ማጣሪያ እንዲጠብቅ አልተደረገም። ያልታወቀው ንጹሕ ነው ተብሎ አልታለፈም። ጥሩ ኬሚስት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

የ15 ማይክሮግራሙ መጠን የጤና ድንበር ተደርጎ ይወሰዳል፤ አይደለም። የፌዴራሉ ሕግ ለእርሳስ ያስቀመጠው የጤና ግብ ዜሮ ነው። መጠኑ የሚመዘነው ደግሞ ከናሙናዎቹ 90 በመቶው በሚገኙበት ደረጃ ስለሆነ፣ ከተማው ሕጉን አሟልቶ ሳለ ከአሥር ቤቶች በአንዱ ውሃው ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። በጥቅምት 2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ መጠኑን ወደ 10 ዝቅ አድርጓል። ኮሎራዶ በ2022 ባወጣችው ሕግ ደግሞ በሕፃናት መዋያዎችና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 5 ማይክሮግራም የተገኘበት የመጠጥ ውሃ መክፈቻ እርምጃ እንዲወሰድበት ደንግጋለች። አንድ ልጅ በትምህርት ቤት በ5 እየተጠበቀ በቤቱ በ15 የሚለካ ከሆነ ይህ ልዩነት ከሕግ አውጪ ማብራሪያ ይጠይቃል።

መረጃው ለማን ይደርሳል?

በአውሮራና በዴንቨር በርካታ የኢትዮጵያ ተወላጆች ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም ተከራዮች ናቸው። የውሃ ሂሳቡና ማስታወቂያው የሚደርሰው ግን ባለንብረቱን ሊሆን ይችላል፤ ቧንቧ ለመቀየር የሚፈርመውም እርሱ ነው። አውሮራ የራሷ የውሃ አገልግሎት ያላት ከተማ ስለሆነች ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የተዛወረ ቤተሰብ መብቱን ከሌላ ተቋም መጠየቅ ይኖርበታል።

የቋንቋውም ነገር ቀላል አይደለም። በብዙ ቤት ውሃ ከፈላ ጸድቷል ተብሎ ይታመናል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ እርሳስን ግን አያጠፋም፤ ይልቁንም ውሃው ሲተን የቀረው እርሳስ ይጠነክራል። በጀበና ከሦስተኛው በረካ ድረስ የሚፈላው ቡና፣ ለሕፃን የሚበጠበጠው ዱቄት ወተትም ከዚህ አያመልጡም። ከባሕር ማዶ በሻንጣ የሚመጣ አንዳንድ ኩልም ራሱ የእርሳስ ማዕድን ሊሆን ስለሚችል፣ በደሙ እርሳስ የተገኘበት ልጅ ቤት ሲመረመር ውሃው ብቻ ተመርምሮ መቆም የለበትም። ነጭ ዝቃጭ ሦስት ተጠርጣሪዎች እንዳሉት ሁሉ፣ በልጅ ደም የተገኘ እርሳስም ከአንድ በላይ ምንጭ ሊኖረው ይችላል።

የሚጠየቁ እርምጃዎች

አንደኛ፣ የቧንቧ ዓይነትና የምርመራ ውጤት ማስታወቂያ ለባለንብረቱ ብቻ ሳይሆን በቤቱ ለሚኖረው ሰው በስሙ ይድረስ። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያውና የናሙና አወሳሰድ መመሪያው በአማርኛና በሌሎች የነዋሪዎች ቋንቋዎች ይዘጋጅ፤ ማፍላት እርሳስን እንደማያስወግድም በግልጽ ይጻፍበት። ሦስተኛ፣ ዓይነቱ ያልታወቀ ቧንቧ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ እርሳስ ይቆጠር፤ ነዋሪውም ማጣሪያ ያግኝ። አራተኛ፣ ባለንብረቱ ስላልፈረመ ብቻ ተከራዩ ለዓመታት የሚቀርበት አሠራር በሕግ ይዘጋ።

የማይታየውን ነገር የሚያሳይ መሣሪያ ዛሬ አለ፤ የማስወገጃውም መንገድ በዴንቨር ተሞክሯል። የቀረው ውጤቱ ውሃውን የሚጠጣው ሰው ዘንድ በሚገባው ቋንቋ እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ ይህም የቤተ ሙከራ ሳይሆን የሕግ አውጪ ሥራ ነው።