ጃኩ ቢለያይም ሽቦው ሁለት ነው

(በጎልማሶች ትምህርት ጣቢያ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ ድምፄ ይሰማችኋል? ደግ ነው። ለምን እንደ ጠየቅሁ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

እኔ በገበያው ዳር ራዲዮና ቴፕ የምጠግን ሰው ነኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ስፒከር ነው። ስፒከር ማለት ድምፅ የሚወጣበት ዕቃ ነው። በራዲዮ ውስጥ አለ። በቴሌቪዥን ውስጥ አለ። በኪሳችሁ ባለው ስልክ ውስጥም አለ። ያልገባችሁ ነገር ቢኖር እጃችሁን አንሡ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ወደ ሱቄ መጡ። ልጃቸው ዐረብ አገር ሠርታ የላከችላቸው የሙዚቃ ዕቃ ነበራቸው። ዕቃው አንድ ዋና ሣጥንና አምስት ስፒከሮች አሉት። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ በረታና ዋናውን ሣጥን አቃጠለው። ስፒከሮቹ ግን ደኅና ይመስሉ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ዝም አሉ። እናትዬውም በእጃቸው የጠለፉትን ጨርቅ አልብሰዋቸው ነበር።

“ልጄ፣ ጆሮዬ ደክሟል” አሉኝ። “ልጄ በስልክ ድምፅዋን ቀድታ ትልክልኛለች። የስልኩ ድምፅ ግን አይሰማኝም። ጎረቤት እየሰማ ነው የሚነግረኝ። የእናትና የልጅ ነገር ሁሉ በጎረቤት አፍ ይነገራል እንዴ? ስፒከሮቹን ወስጄ የሰው ቴፕ ላይ ብሰካቸው ቀዳዳው አልገጥም አለ። አንዱ ነጋዴም ‘ይህ ከራሱ ሣጥን ጋር ካልሆነ አይሠራም፤ ይጣሉትና ሙሉውን አዲስ ይግዙ’ አለኝ። እንግዲህ ጊደሬን ልሸጥ ነው።”

“ኧረ እማማ፣ አይሽጡ! እስቲ አንድ ቀን ይታገሡኝ” አልኳቸው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው እንዳይሆን ብዬ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ስፒከር እንዴት ድምፅ እንደሚያወጣ እንይ። ከበሮን ታውቃላችሁ። ቆዳው ሲመታ ይርገበገባል። የተርገበገበው ቆዳ አየሩን ይገፋል። ግፊቱ በአየሩ ተላልፎ ጆሯችን ሲደርስ ድምፅ ይሆናል። ስፒከርም እንደዚሁ ነው። በከበሮው ቆዳ ፈንታ ጎድጎድ ያለ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ አለው። ከወረቀቱ ጀርባ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ። ሽቦው አጠገብ ደግሞ ማግኔት አለ። ኮረንቲ በሽቦው ሲያልፍ፣ ሽቦውም እንደ ማግኔት ይሆናል። ያን ጊዜ ትልቁ ማግኔት አንዴ ይገፋዋል፣ አንዴ ይስበዋል። ወረቀቱም አብሮ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል።

ስፒከርን በዚህ ዓይነት ከመሥራት በፊት ብዙ ሰዎች ሞክረዋል። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ግን እ.ኤ.አ. በ1925 አሠራሩን አሻሽለው በጽሑፍ አቀረቡት። ከዚያ ወዲህ 100 ዓመት ያህል ሆኖታል። ዛሬም በየቤቱ ያለው አብዛኛው ስፒከር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የተጠመጠመው ሽቦ ሁለት ጫፍ አለው። ኮረንቲው በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስፒከሩ ከዚህ ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም። ሣጥኑን የሠራው ፋብሪካ የትኛው እንደ ሆነ ስፒከሩ አያውቅም።

ታዲያ ፋብሪካዎች ለምን የተለየ ጃክ ያደርጉበታል? አንደኛው ምክንያት ገዢው ሳይሳሳት እንዲሰካ ነው። ጃኩን ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ እያደረጉ ቀለሙን ከቀዳዳው ጋር ያመሳስሉታል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይሰካዋል። ሁለተኛው ምክንያት ሣጥኑና ስፒከሩ እንደ ጥንድ በሬ ተመዛዝነው ስለ ተሠሩ ነው። ይህ ሁሉ ሣጥኑ በሕይወት ሳለ ደግ ነው። ሣጥኑ ሲሞት ግን ጃኩ ስፒከሩንም አብሮ ይቀብረዋል። ስለዚህ ጃኩን ቆርጠን ሽቦውን ማውጣት አለብን። ሥራው ከባድ አይደለም። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል።

አንደኛ፣ ስፒከሩ የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ እንለይ። ከግድግዳ መብራት የሚሰካ የራሱ ገመድ ካለው፣ በሆዱ ውስጥ ሌላ መሣሪያ አለ ማለት ነው። እሱን አትቁረጡ። ከጃኩ ውስጥ ከሁለት በላይ ሽቦ ከወጣም አትንኩት። ወደሚያውቅ ሰው ውሰዱት። የእኔ ነገር የሚሠራው ሁለት ሽቦ ብቻ ላለው ነው።

ሁለተኛ፣ የስፒከሩን ጀርባ እናንብብ። ማንበብ የተማርነው ለዚህም ጭምር ነው። አንድ ቁጥር ታገኛላችሁ። ከቁጥሩ አጠገብ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ምልክት አለ። ምልክቱ ኦም ይባላል። ስሙ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1827 ስለ ኮረንቲ ጽፎ ላሳተመው ለጀርመናዊው ጌዎርግ ኦም መታሰቢያ ነው። ቁጥሩ 3፣ 4፣ 6 ወይም 8 ሊሆን ይችላል። በደብተራችሁ ጻፉት፤ ኋላ ይጠቅማችኋል።

ሦስተኛ፣ ጃኩን እንቁረጥ። ሣጥኑ ከመብራት ተነቅሎ፣ ስፒከሩም ከሣጥኑ ተላቅቆ መሆን አለበት። ከጃኩ ሥር አትቁረጡት። አንድ ስንዝር ያህል ሽቦ ከጃኩ ጋር ተዉለት። ምናልባት አንድ ቀን ሣጥኑ ቢሠራ መልሳችሁ ትቀጥሉታላችሁ። ከዚያ የሽቦውን ልብስ በጥንቃቄ ግፈፉት። ከሁለቱ ሽቦዎች አንደኛው ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፤ ወይም መስመር አለበት። ምልክት የተደረገው ለመደመርና ለመቀነስ መለያ ነው።

አራተኛ፣ ስፒከሩ በሕይወት መኖሩን እንፈትን። አንድ የባትሪ ድንጋይ ውሰዱ። ባለ 1.5 ቮልቱን ማለቴ ነው። አንዱን ሽቦ በድንጋዩ አናት፣ ሌላውን በቂጡ አስነኩት። ነክቶ መመለስ ብቻ ነው፤ አታቆዩት። ስፒከሩ “ቋ” ካለ ደኅና ነው። ዝም ካለ ሽቦው ሳይበጠስ አይቀርም። “ቋ” ሲል ወረቀቱን እዩት። ወደ ፊት ከወጣ፣ በድንጋዩ አናት ላይ ያለው ሽቦ መደመር ነው። ወደ ኋላ ከገባ፣ ያኛው ሽቦ ነው መደመር። መደመሩ ላይ ክር እሰሩበት።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ሁለት ሰዎች ግንድ ሲስቡ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ቢጎትት ግንዱ ይሄዳል? አይሄድም። ሁለት ስፒከሮችም እንደዚያ ናቸው። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ከሳበ፣ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። የስፒከር ሽቦ በምንም ዓይነት ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ጋር አይገናኝም! በግድግዳው ያለው 220 ቮልት ነው። ስፒከሩን ያቃጥላል፤ ሰውም ይገድላል። ልጆች ባዶውን ሽቦ ሶኬት ውስጥ እንዳይከቱት ከልጆች አርቁት። የተቃጠለውንም ሣጥን በቤታችሁ አትክፈቱት። ከመብራት ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ ኮረንቲ ይዞ ይቆያል።

አምስተኛ፣ ስፒከሩ የሚነዳው ኃይል ይፈልጋል። ስልክ ብቻውን ይህን ያህል ስፒከር መንዳት አይችልም። በመካከል አምፕሊፋየር የሚባል መሣሪያ ያስፈልጋል። አምፕሊፋየር ትንሹን ድምፅ ተቀብሎ ኃይል ይጨምርለታል። በመብራት የሚሠራ አለ። መብራት ለሌለበት ቀበሌ በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ የሚሠራም አለ። አምፕሊፋየሩም ጀርባው ላይ የኦም ቁጥር ተጽፎበታል። “ከ4 እስከ 8” የሚል ከሆነ፣ ከ4 በታች አታገናኙበት ማለት ነው።

ኦም ምን እንደ ሆነ በመስኖ ልንገራችሁ። ቦዩ ጠባብ ሲሆን ውኃው ትንሽ በትንሽ ይሄዳል። ቦዩ ሲሰፋ ብዙ ውኃ ይሄዳል። የኦም ቁጥር ትልቅ ሲሆን ቦዩ ጠባብ ነው ማለት ነው። የኦም ቁጥር ሲያንስ ቦዩ ሰፊ ነው። ቦዩ ከልክ በላይ ከሰፋ ውኃ የሚስበው ሞተር ይደክማል። አምፕሊፋየሩም እንደዚሁ ይግልና ይቃጠላል።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሥራውን በጀመርኩበት ጊዜ አንድ ሰው አራት ስፒከሮች አመጣልኝ። እያንዳንዱ ባለ 4 ኦም ነው። እኔም አራቱንም መደመር ከመደመር፣ መቀነስ ከመቀነስ አገናኘሁና በአንድ መስመር ሰካኋቸው። አራት ቦይ በአንድ ጊዜ ከፈትኩ ማለት ነው። 4 ኦም ለአራት ሲካፈል 1 ኦም ይሆናል። ብዙም ሳይቆይ አምፕሊፋየሩ ጨሰ። የሰው ንብረት ነበርና ከኪሴ ከፈልኩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አሁን ወደ እናትዬው እንመለስ። አምስቱን ስፒከሮች በድንጋይ ፈተንኳቸው። አራቱ “ቋ” አሉ። አንደኛው ዝም አለ፤ ሞቶ ነበር። ጀርባቸውን ሳነብ ባለ 3 ኦም ናቸው። እኔ ዘንድ አንድ ያገለገለ ትንሽ አምፕሊፋየር ነበር። እሱ ግን ከ4 ኦም በታች አይችልም። ታዲያ ምን ይሻላል?

ሁለቱን ስፒከሮች አስከትዬ አገናኘኋቸው። የአምፕሊፋየሩን መደመር ከአንደኛው ስፒከር መደመር ጋር አገናኘሁ። የአንደኛውን መቀነስ ከሁለተኛው መደመር ጋር አሰርኩ። የሁለተኛውን መቀነስ ወደ አምፕሊፋየሩ መቀነስ መለስኩ። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩ ይደመራል። 3 እና 3፣ 6 ይሆናል። 6 ደግሞ ከ4 ይበልጣል። አምፕሊፋየሩ አይጎዳም።

ሽቦ ሲታሰር አምፕሊፋየሩ መጥፋት አለበት። እያንዳንዱን ቋጠሮ ለየብቻው በናስትሮ ጠቅልሉት። ሁለቱ ባዶ ሽቦዎች ከተነካኩ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል። ስትከፍቱትም ድምፁን ከዝቅተኛው ጀምሩ። ድምፁ መሻከር ከጀመረ ቶሎ ቀንሱ። ስፒከርን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ከአቅም በላይ ማስጮህ ነው። ትናንሾቹ ስፒከሮች ደግሞ ወፍራም ድምፅ አይችሉም። የወፍራሙን ድምፅ መቆጣጠሪያ ዝቅ አድርጉላቸው።

ይህን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ በእናትዬው ቤት ሁለቱን ስፒከሮች ሰቀልኩ። ስልኩን በገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘሁት። ጎረቤቶች ገብተው ነበር። እናትዬው “እስቲ ውጡልኝ፤ ኋላ ቡና እጠራችኋለሁ” አሏቸው። እኔም ቁልፉን እንዴት እንደሚጫኑ አሳየኋቸውና ወጣሁ። ልጅቱ ምን እንዳለች አላውቅም፤ ማወቅም አልነበረብኝም። ከውጭ ቆሜ የሰማሁት የእናትዬውን ድምፅ ብቻ ነው። “እሺ ልጄ፣ እሺ ልጄ” ይላሉ፤ ልጅቱ አጠገባቸው እንዳለች።

ጊደሯ አልተሸጠችም። እናትዬው የከፈሉት ያገለገለውን አምፕሊፋየርና የናስትሮውን ዋጋ ብቻ ነው።

የቀሩትን ሁለት ስፒከሮች “ለሚማር ሰው ይሁንልኝ” ብለው ሰጡኝ። ሽቦው ጋ ኑና እዩ። አሁን ድምፄ ከኋላ ለተቀመጣችሁት የሚደርሰው በእነሱ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በየቤታችሁ ዝም ብሎ የተሰቀለ ስፒከር ካለ “አይገጥምም” ስለ ተባለ ብቻ አትጣሉት። ጀርባውን አንብቡ። ሽቦውን ቁጠሩ። በድንጋይ ፈትኑት። ከሞተ ሞቷል፤ ካልሞተ ግን ጃኩ ቢለያይም ሽቦው ሁለት ነው።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ስፒከርና ከበሮ የሚመሳሰሉት በምንድን ነው?
2. ጃኩ ሲቆረጥ አንድ ስንዝር ሽቦ የሚተውለት ለምንድን ነው?
3. ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ተከታትለው ቢገናኙ ስንት ኦም ይሆናሉ?
4. የስፒከር ሽቦ ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ጋር ቢገናኝ ምን ጉዳት ይደርሳል?
5. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት “አይገጥምም” ተብሎ የተቀመጠ ዕቃ አለ? ምን ሊሠራ ይችላል?