የርግቦችን የእናት ሐረግ ስለ መቍጠር

(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በኮልፌ የምንኖር ተማሪዎች ማለዳ ከቤት ስንወጣ አስቀድመው የሚቀበሉን ርግቦች ናቸው። በአጠና ተራ የቆርቆሮ ክዳን ላይ ተሰልፈው፥ በማጅራታቸው ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ነጭ መስመር ዞሮባቸው እናያቸዋለን። ይህች ባለ ነጭ አንገትጌ ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም የትም አትገኝም። የሳይንስ ስሟን በ1837 እ.ኤ.አ. ያወጣላት ግን ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ነው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ስለ ዘሯ ነው።

«የማን ልጅ ነህ?» ስንባል የአባታችንንና የአያታችንን ስም እንቈጥራለን፤ የእናታችን አያት ስም ግን ይጠፋብናል። ተፈጥሮ ይህንኑ የእናት ሐረግ የሚይዝ መዝገብ አላት። በሕዋሳት ውስጥ ምግብን ወደ ኀይል የሚለውጡ ሚቶኮንድሪያ የተባሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። እነርሱም የራሳቸው ዲ.ኤን.ኤ. አላቸው፤ ርዝመቱ በወፎች ዘንድ 17,000 ፊደል ያህል ነው። ጫጩት ይህን የሚወርሰው በእንቍላሉ በኩል ከእናቱ ነው።

ፊደሉ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ስሕተት ይገባበታል። አንድ ቁም ጸሐፊ አንዲት ቃል ቢስት፥ ከእርሱ ብራና የተገለበጡት ሁሉ ያችኑ ስሕተት ይዘው ይገኛሉ። እንደዚሁም ስሕተት የተጋሩ ወፎች ከአንዲት እናት መውረዳቸው ይገመታል።

ይህ ንባብ ብዙ ነገር ገልጧል። በሞሪሽየስ ደሴት ይኖር የነበረው፥ መብረር የማይችለው ዶዶ በ17ኛው መቶ ዓመት ጠፋ። በ2002 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በኦክስፎርድ ቤተ መዘክር ካለው ቅሪቱ የሚቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ቢያነቡ፥ ከሕያዋን ሁሉ የቅርብ ዘመዱ የኒኮባር ርግብ ሆና ተገኘች። እንዲሁም የአሜሪካ ርግቦች በመልካቸው ምክንያት ከአፍሪካ፥ ከእስያና ከአውሮፓ ርግቦች ጋር በአንድ ወገን ስም ይጠሩ ነበር። ኬቪን ጆንሰንና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ግን የእኛዎቹ ከአሜሪካዎቹ ይልቅ ለዋኖስ እንደሚቀርቡ አሳዩ። መልክ ያታልላል ማለት ነው።

ሆኖም አንድ ምስክር ብቻውን አያስፈርድም። የሁለት ዝርያ ወፎች ቢዳቀሉ የእናት ሐረግ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ጆንሰንና ባልደረቦቹ የሚቶኮንድሪያውን ቃል በሕዋሱ ኒውክሊየስ ውስጥ ካለው ጋር አመሳክረዋል። እኛም የሰማነውን ሁሉ እንዲሁ ማመሳከር ይገባናል።

ጓደኞቻችን ሆይ! ዳርዊን በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስለ ለማዳ ርግቦች እንደ ጻፈ በትምህርት ቤት ተነግሮናል፤ በጣራችን ላይ ስላለችው ርግብ ግን የጠየቀን አልነበረም። ከአጠገቧ ከምትቆመው፥ ዐይኗ ዙሪያ ቀይ፥ ክንፏ ነጠብጣብ ከሆነችው ርግብ ጋር ምን ያህል ትዛመዳለች? ይህን ለመመርመር ወፍ መግደል አያስፈልግም፤ ከወደቀ ላባ ሥር ዲ.ኤን.ኤ. ይገኛል። ስሟን ያወጣላት ከሩቅ የመጣ ሰው ነበረ። ላባዋ የሚወድቀው ግን በደጃችን ነውና ሐረጓን መቍጠር የእኛ ሥራ ይሁን።