የበረራ መዝገብን በአነስተኛ ወጪ ማተምና መጠረዝ



አዘዞ በሚገኘው በአፄ ቴዎድሮስ አይሮፕላን ማረፊያ አርፈን ሞተር ካጠፋን በኋላ ከሚቀሩን ሥራዎች አንዱ በረራውን መመዝገብ ነው። ቀድሞ በእስክሪብቶ ይጻፍ የነበረው መዝገብ ዛሬ በብዙዎቻችን ዘንድ በስልክና በኮምፒዩተር ይያዛል። ድምሩን ራሱ ስለሚሠራ ድካም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ አብራሪ የበረረውን ሰዓት ማስረዳት ካልቻለ እንዳልበረረ ይቆጠራል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ መሠረት የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። ይህን ያህል የዕድሜ ድካም ለአንድ ስልክ ብቻ አደራ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። ስለዚህ በየዓመቱ መጨረሻ መዝገባችንን አትመን፥ ፈርመንና ሰፍተን እናስቀምጥ እላለሁ።

ስለ ጥራዝ ለመናገር ጎንደር የተገባች ቦታ ናት። የደብሮቻችን ጸሐፍት ብራናውን እያጠፉ፥ ጥቂት ቅጠሎችን አንዱን ባንዱ ውስጥ እየከተቱ ጥራዝ ያበጃሉ። ጥራዞቹን በእጥፋታቸው ላይ ሰንሰለት በመሰለ ስፌት አያይዘው በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ያኖራሉ፤ አቅም ሲፈቅድም በቆዳ ይለብጣሉ። እንዲህ የተሰፋ መጽሐፍ ተዘርግቶ ይገለጣል፤ ክሩ ቢበጠስም እንደገና ይሰፋል። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ጭምር ወደ መቅደላ ካሰባሰቧቸውና በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከወሰዳቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም በለንደን አሉ። ቦታቸው እዚያ መሆን አለመሆኑ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በደንብ የተሰፋ መጽሐፍ ከባለቤቱ በላይ እንደሚኖር ግን ይመሰክራሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። በወር 40 ጊዜ የሚበር ሰው በዓመት 480 መስመር ይሞላል። በግራና በቀኝ ገጽ ላይ የተዘረጋ ሠንጠረዥ 18 መስመር ቢይዝ፥ 27 ሠንጠረዥ ይበቃዋል። ለዚህም 15 የኤ-3 ወረቀት በጥቁር ቀለም ብቻ በሁለቱም ፊት አትሞ ማጠፍ ነው፤ 60 ገጽ ይወጣዋል። አምስት አምስቱን ብንከትት ሦስት ጥራዝ ይሆናል። የመጀመሪያው ገጽ ለስምና ለፈቃድ ቁጥር፥ የተረፉት ለዓመቱ ድምር ይውላሉ። ገጾቹ ባለ 20 ገጽ ጥራዝ ሆነው እንዲደረደሩ ለማተሚያ ቤቱ አስቀድሞ መንገርና አንዱን ጥራዝ ለሙከራ ማሳተም ያሻል። ለስፌቱ ወፍራም መርፌና ጠንካራ ክር፥ ለሽፋኑ ደረቅ ካርቶን ይበቃል።

ኤ-3 የሚያትም ካልተገኘ በኤ-4 ወረቀት ማተም ይቻላል፤ በግራ በኩል ሦስት ሳንቲ ሜትር ኅዳግ ትቶ፥ ጠርዙን በአምስት ቦታ በስቶ መስፋት ነው። ስፓይራል ከሁሉ ይቀላል፤ ነገር ግን ቅጠሉ ወጥቶ በሌላ ሊተካ ስለሚችል እምነት አይጣልበትም። በሙጫ ብቻ የተያያዘውም በየጊዜው ሲገለጥ ጀርባው ይሰነጠቃል።

ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፥ የሰዓቱን ነገር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ግለጹ። በረራ በዓለም አቀፍ ሰዓት ሲመዘገብ፥ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተነሣው አይሮፕላን በቀድሞው ቀን 23 ሰዓት እንደ ተነሣ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱን ያላወቀ መርማሪ ስሕተት ይመስለዋል። ሁለተኛ፥ በየገጹ ግርጌ የገጹ፥ የቀድሞውና የጠቅላላው ድምር ይታተም፤ ከሥሩም በእጃችን እንፈርም። የአስተማሪና የፈታኝ ፊርማ ያለበትን ዋናውን ወረቀት ግን ኅትመት አይተካውምና ከጥራዙ ጋር ይጠበቅ። ባለሥልጣኑ የሚቀበለውን አቀራረብም ከማተም በፊት መጠየቅ ይበጃል።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ አባቶቻችን የብራና መጽሐፍን በማኅደር ከትተው በግድግዳ ላይ ይሰቅሉ ነበር። እኛም 15 ወረቀትና ጥቂት ክር ለድካማችን አንንፈግ።