ከበሩ አጠገብ የተለጠፈችው ወረቀት

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር



በየዓመቱ ከሒሳብ ክፍል የምትሰሙት የገቢና የወጪ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ታትሞ በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል። ዛሬ ስለ ሌላ ሒሳብ እንናገራለን፤ ወላጆቻችን በነርሲንግ ሆም ስለሚያገኙት እንክብካቤ።

ጉዳዩ ከሁለት ወገን ይነካናል። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ብዙዎቻችን እንጀራችንን የምናገኘው አረጋውያንን አጥበን፣ አብልተን፣ ሌሊት አገላብጠን ነው። አሁን ደግሞ የራሳችን እናቶችና አባቶች እዚያው አልጋ ላይ መተኛት ጀምረዋል።

ባለፈው ዓመት የአንዷ አባላችን እናት ተረከዛቸው ላይ የአልጋ ቁስል ወጣባቸው። እንግሊዝኛ አይችሉም። «እግሬን አቃጠለኝ» ሲሉ ሠራተኞቹ ፈገግ ብለው ውሃ ይሰጧቸዋል፤ እሳቸውም ሰው ማስቀየም አይወዱምና ፈገግ ብለው ይቀበላሉ። መዝገቡ ላይ «ሕመም የለም» ተብሎ ይጻፋል። ቅዳሜ ማታ በምትክ የተላከች የአገራችን ልጅ «እማማ፣ የቱ ጋ ነው?» ብላ ካልሲያቸውን ስታወልቅ ተረከዛቸው ጠቁሮ አገኘችው። ወዲያው ለነርሷ ነግራ አስመዘገበች። ልጃቸው ስትደርስ ግን ፊት ለፊት ያገኘቻት እሷን ነበርና ንዴቷን ሁሉ በእሷ ላይ ተወጣችው። ያቺ እህት ያን ቀን ሁለት ሺፍት ደርባ 16 ሰዓት ሙሉ ቆማ ነበር። ሁለቱም ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ታርቀዋል፤ እንድንናገርም ፈቅደውልናል። ቁስሉ ለመዳን አምስት ወር ፈጀ።

እኛም ወረቀት አውጥተን አሰላን። በሌሊት ሺፍት አንዲት ረዳት 20 ሰው ይሰጣታል እንበል። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው፤ ለአንድ ሰው 24 ደቂቃ ይደርሰዋል። ከሃያው 10ሩ ራሳቸውን መገልበጥ የማይችሉ ቢሆኑ፣ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጡ ስንል፣ በአንድ ጊዜ 5 ደቂቃ ቢፈጅ 200 ደቂቃው አለቀ። ዳይፐር መቀየሩ፣ ሽንት ቤት ማድረሱ፣ ደወል መመለሱና መጻፉ ገና አልተነካም። ከባድ ሰው ደግሞ ለብቻ አይገለበጥም። ይህን ስንል ጥፋተኛ የለም ማለታችን አይደለም። ቸል ያለም፣ ሠራተኛ ቀንሶ ያተረፈም ይጠየቃል። ነገር ግን የሰው እጅ ሲጎድል በጎ ልብ ብቻውን ሰው አያገላብጥም።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለነዋሪው መብት ሰጥቶታል፤ ያለ ፍርሃት ቅሬታ ማቅረብ፣ መዝገቡን ማየት፣ ጠያቂ መቀበል። ስለ ሠራተኛ ብዛት ግን «በቂ» ይላል እንጂ በነዋሪ ልክ የተወሰነ ቁጥር አያስቀምጥም። በ2024 ለአንድ ነዋሪ በቀን 3.48 ሰዓት፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ያህል እንክብካቤ እንዲሰጥ የሚያዝ ደንብ ወጥቶ ነበር። በ2025 ፍርድ ቤት ሻረው፤ ኮንግረስም አፈጻጸሙን አገደ። ስለዚህ የምንቆጥረው እኛ ነን።

መቁጠሪያው ደግሞ አለ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ሁሉ በየቀኑ ስንት ነዋሪ እንዳለ፣ በየሺፍቱ ስንት ነርስና ረዳት ስንት ሰዓት እንደሠሩ በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት። ብዙ ጊዜ ከመግቢያው አጠገብ ናት። እኛ ራሳችን ለዓመታት አልፈናት ገብተናል። ሰዓቱን ደምራችሁ ለነዋሪው ቁጥር አካፍሉት። የረቡዑን ከእሑዱ ጋር አስተያዩት።

ከዚያ በኋላ እነዚህን አድርጉ። በየሦስት ወሩ በሚደረገው የእንክብካቤ ዕቅድ ስብሰባ ላይ ተገኙ፤ አስተርጓሚ በነፃ እንዲቀርብላችሁ ጠይቁ። ቅዳሜ ማታና እሑድ ጎብኙ። ስትሄዱ ካልሲ አውልቁ፤ ተረከዝ፣ ወገብና ዳሌ እዩ። ያያችሁትን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፉ። ሰሚ ካጣችሁ በየስቴቱ ያለው የአረጋውያን ኦምቡድስማን ያለ ክፍያ ይቆምላችኋል።

አንድ ነገር እርስ በርሳችን እንተው። «እናቷን ጣለቻት» አንባባል። ሁለት ሥራ የምትሠራ፣ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ልጅ እናቷን ብቻዋን አንስታ ማጠብ ሲያቅታት፣ ያቺ ሴት እናቷን አልጣለችም። በሐሜታችን አፍራ እርዳታ ሳትጠይቅ ስትቀር ግን የሚጎዱት እናቷ ናቸው።

ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው ትልቅ ገንዘብ አይደለም። አማርኛ ብቻ የሚናገሩ አረጋውያንን በተራ የሚጎበኙ እህቶች ተመዝግበዋል፤ የጎደለን የመጓጓዣቸው ነው። እያንዳንዷን ወጪ በደረሰኝ እናሳያችኋለን።

ቅዳሜ ማታ ያዳነቻቸው አንዲት ጥያቄ ናት፤ «እማማ፣ የቱ ጋ ነው?» ይህችን ጥያቄ በየሳምንቱ በቋንቋቸው የሚጠይቃቸው ሰው እንዲኖር እንፈልጋለን።